በ25,000 ጫማ ላይ 10 ሰዎች ምን ይሠሩ ነበር? ስለ ቢ-17 ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፊልሞች ላይ ቢ-17 የሚባለው ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ ሁልጊዜ ሲታኮስ ነው የሚታየው። ስምንት ሰዓት በሚፈጅ በረራ 10 ሰው ምን ይሠራል? ጥይት ሳይመታው አውሮፕላኑን ለጥፋት የሚዳርገው ምን ነበር? ከሆዱ ሥር ባለው ኳስ ውስጥ የሚቀመጠው ተኳሽ ነው አብዝቶ የሚጎዳው የሚባለውስ እውነት ነው? 25 ግዳጅ የጨረሰ ወደ አገሩ ይመለሳል የተባለው ቁጥር ከየት መጣ?»

ምላሽ፦

አብዛኛው ሥራቸው ከፍታውን መቋቋም ነበር። ከምሥራቅ እንግሊዝ የሚነሱት የአሜሪካ 8ኛ አየር ኃይል ቢ-17ዎች ጀርመንን የሚደበድቡት ብዙውን ጊዜ ከ20,000 እስከ 27,000 ጫማ ላይ ሆነው ነው፤ ይህም ከ6,000 እስከ 8,200 ሜትር ገደማ ማለት ነው። የውስጡ አየር እንደ ዛሬው የመንገደኛ አውሮፕላን የታመቀ አይደለም። በወገቡ ግራና ቀኝ ያሉት የተኳሾች መስኮቶችም በብዙዎቹ አውሮፕላኖች እስከ 1944 ድረስ መስተዋት አልነበራቸውም። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እዚያ ላይ ሰው ራሱን ይስታል፣ ዘይት ይረጋል፣ መትረየስ ይነክሳል፣ ለሞተሩ አየር የሚጨምቀው ቱርቦ ይጣበቃል። እያንዳንዱ ብልሽት ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። ግን አውሮፕላኑን ከሰልፉ ወደ ኋላ ካስቀረው የጀርመን ተዋጊዎች የሚፈልጉት እሱን ነው። ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሱ ባጭሩ፦ ከሰልፍ መውጣት።

ከመሬት እንነሳ። የቢ-17 የመጀመሪያው ናሙና ጥቅምት 30 ቀን 1935 ኦሃዮ ውስጥ ራይት ፊልድ ላይ ተነስቶ ወዲያው ወደቀ። አውሮፕላኑ ሲቆም ነፋስ መሪዎቹን እንዳያንገላታ የሚይዘው መቆለፊያ ሳይፈታ ነበር የተነሳው፤ ሁለት ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው አብራሪዎች በቃል ማስታወስን ትተው በጽሑፍ የተዘጋጀ ቼክሊስት መጠቀም የጀመሩት። በጦርነቱ ጊዜ ረዳት አብራሪው ዝርዝሩን ያነባል፣ አብራሪው እየነካ ይመልሳል። ዛሬ በማንኛውም አየር መንገድ የሚሠራበት ልማድ አንዱ መነሻው ይኸው አደጋ ነው።

ሞተር ከመነሳቱ በፊት ደግሞ የመሬት ሠራተኞች ፕሮፔለሩን በእጃቸው ይዘው ቢያንስ ሦስት ሙሉ ዙር ያዞሩታል፤ ባለ ሦስት ክንፍ ስለሆነ ዘጠኝ ክንፍ እየቆጠሩ ማሳለፍ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ራይት ሳይክሎን የተባለው ሞተር ዘጠኝ ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩ ናቸው። ሌሊቱን ቆሞ ሲያድር ዘይት ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይንጠባጠባል። ዘይት እንደ አየር አይታመቅም። በዚያ ሁኔታ ሞተሩ በስታርተር ቢመታ ፒስተኑ ከዘይቱ ጋር ይጋጭና ቢየላው (ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ብረት) ይጎብጣል። የጎበጠ ቢየላ ወዲያው ላይሰበር ይችላል፤ የሚሰበረው ሙሉ ጉልበት ሲጠየቅ፣ ማለትም ቦምብና ነዳጅ ሞልቶ ሲነሳ ነው። ስለዚህ ፕሮፔለሩ አልዞር ካለ ማስገደድ አይፈቀድም። የታችኞቹ ሲሊንደሮች ካንዴላ ተፈትቶ ዘይቱ እንዲወርድ ይደረጋል።

ጭነቱን በሚመለከት፣ ተጨማሪ የክንፍ ታንኮች የተገጠሙለት ቢ-17 2,780 የአሜሪካ ጋሎን፣ ማለትም 10,500 ሊትር ገደማ ነዳጅ ይይዛል። ለሩቅ ግዳጅ የሚጫነው ቦምብ ብዙውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,700 ኪሎ ነው። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ያንሳቸዋል፤ የእንግሊዙ ላንካስተር ከዚህ እጥፍ በላይ ይሸከም ነበር። ልዩነቱ ግን ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል፦ 10 ሰው፣ ከ10 የሚበልጡ ባለ 12.7 ሚሊ ሜትር መትረየሶች፣ በሺዎች የሚቆጠር ጥይት፣ የጋሻ ብረት፣ የኦክስጅን ጠርሙሶች። ቢ-17 በቀን፣ ራሱን እየተከላከለ ለመሄድ የተሠራ ነው፤ ላንካስተር በጨለማ ተሸፍኖ ይሄድ ነበር።

አውሮፕላኖቹ በአጭር በአጭር ልዩነት ይነሱና ደመናውን በጭፍን እየወጡ በሬዲዮ ምልክት ጣቢያ ዙሪያ ይዞራሉ። ከደመናው በላይ ሲደርሱ መሪው ባለ ቀለም ርችት ይተኩሳል፤ እያንዳንዱ ቡድን ቀለሙን አይቶ ይሰበሰባል። ይህ ብቻ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ ብዙ ነዳጅ የሚያልቀውም እዚህ ነው። በደመና ውስጥ ተጋጭተው የወደቁ ብዙ ናቸው፤ ገና የእንግሊዝን ጠረፍ ሳይለቁ።

10,000 ጫማ ሲደርሱ ሁሉም የኦክስጅን ጭምብል ያደርጋሉ። ይህ 3,050 ሜትር ገደማ ነው። እንጦጦ ላይ ሰው እየሮጠ ልምምድ ሲያደርግ የሚያይ አንባቢ «ምን አስፈራቸው?» ሊል ይችላል። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ደሙ ቀስ በቀስ ተላምዶ ነው። እነዚህ ልጆች ግን ከባሕር ጠለል ተነስተው በሁለት ሰዓት ውስጥ ከራስ ዳሸን ጫፍ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ የሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በ25,000 ጫማ ኦክስጅን የተቋረጠበት ሰው በትክክል ማሰብ የሚችለው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ነው፤ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

አስቸጋሪው ነገር አያምም። ሰውየው ደስ ይለዋል፣ ሁሉ ነገር የተስተካከለ ይመስለዋል፣ ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ስለዚህ ከመኮንኖቹ አንዱ፣ ብዙ ጊዜ ቦምብ አነጣጣሪው፣ በየጥቂት ደቂቃው በኢንተርኮም ሁሉንም በተራ ይጠራል። ያልመለሰ ካለ ቅርቡ ያለው ሰው ተንቀሳቃሽ ጠርሙስ ይዞ ይሄዳል። ቅደም ተከተሉ ጥብቅ ነው፦ መጀመሪያ የራሱን ቱቦ ከግድግዳው ነቅሎ ጠርሙሱ ላይ ይሰካል፣ መተንፈሱን ያረጋግጣል፣ ከዚያ ነው የሚነሳው። ይህን ዘልሎ ወዳጁን ሊያድን የሮጠ ሰው አጠገቡ ይወድቃል። ተንቀሳቃሹ ጠርሙስ የሚያቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ መንገድ ላይ መቆም የለም።

ቱቦው ሲነቀል በቀላሉ እንዲላቀቅ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ አለበለዚያ አውሮፕላኑ ሲወድቅ ሰውየውን አስሮ ያስቀረዋል። ይኸው ቅለቱ ግን ተኳሹ ዘወር ሲል ሳያውቅ እንዲነቀል ያደርገዋል። ሌላው ችግር የትንፋሽ እርጥበት ነው። ጭምብሉ ውስጥ ይጠራቀምና ይበርዳል፤ የሚተነፈስበትን ቀዳዳ ይደፍናል። መፍትሔው ጭምብሉን በየጊዜው በጓንት ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ በረዶውን መሰባበር ነው። ያስታወከ ሰው ደግሞ ጭምብሉን ወዲያው ማጽዳት አለበት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ድንጋይ ይሆናል።

ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ነው፤ በክፍት መስኮት የሚገባው ነፋስ ሲጨመርበት ጉዳቱ ይብሳል። 8ኛው አየር ኃይል ሥራ በጀመረበት የመጀመሪያው ዓመት ገደማ በውርጭ ተጎድቶ ከበረራ የታገደው ሰው የጠላት እሳት ካገደው ሰው ይበልጥ ነበር። አንዱ ጥፋት የልብሱ ነው። የመጀመሪያው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ልብስ፣ ጓንቱና ጫማው ሁሉ በአንድ መስመር ተከታትለው የተያያዙ ናቸው፤ አንዷ ሽቦ ብትበጠስ ሁሉም ይቀዘቅዛል። ሽቦ የሚበጠሰው ደግሞ ክርንና ጉልበት ላይ፣ ማለትም ተኳሽ ሁልጊዜ በሚያጥፈው ቦታ ነው። በኋላ የመጡት ልብሶች መስመራቸው ተለያይቶ ስለተሠራ ጓንት ቢበላሽ ሰውነቱ ይሞቃል።

ቀሪው ጥፋት ከሰውየው ነው። መሬት ላይ ሙሉ ልብስ ለብሶ የሚንቀሳቀስ ሰው ያልበዋል፤ ላቡ ከላይ ሲደርስ በረዶ ይሆናል። ስለዚህ የመጨረሻው ልብስ የሚደረበው ከመነሳት ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። መትረየሱ ሲነክስ ተኳሹ ወፍራሙን ጓንት አውልቆ ሊያስተካክል ይፈልጋል፤ ብረቱን በባዶ እጅ ከነካ ቆዳው ተጣብቆ ይቀራል። ለዚህ ነው ከሥር ስስ የሐር ጓንት የሚደረገው፤ ወፍራሙ ቢወልቅም እጅ ባዶ አይሆንም። የሽንት ቱቦውም ይበርድ ስለነበር ልብሱ ላይ የሸና ሰው ጭኑና መቀመጫው ይጎዳ ነበር። ይህን ማንም ፊልም አያሳይም።

መትረየሱ ራሱ ከበረራ በፊት ዘይቱ ተጠርጎ ደርቆ ሊባል ጥቂት እስኪቀረው መጽዳት አለበት። መሬት ላይ ጥሩ ሆኖ የሚታየው የዘይት ልባስ እዚያ ላይ እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ከጠረፍ ሲወጡ ባሕሩ ላይ ሁሉም ይፈትሻሉ፤ ጥቂት ጥይት ብቻ። በውጊያም ቢሆን አጭር አጭር ተኩስ ነው የሚታዘዘው፤ ቃታውን ይዞ የቆየ ሰው ጠመንጃው ግሎ አፈሙዙ ይበላሻል፣ ጥይቱም ቶሎ ያልቃል።

ሞተር ቢመታ ወይም ዘይት ቢያፈስ ምን ይደረጋል? በጣም ማስተዋል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የቆመ ሞተር ፕሮፔለር ነፋሱ ያሽከረክረዋል፤ ይህም አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ስለዚህ አብራሪው ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ የፕሮፔለሩ ክንፎች ጠርዛቸውን ለነፋሱ እንዲሰጡና እንዲቆሙ ያደርጋል። ክንፎቹን የሚያዞረው ግፊት ከዚያው ሞተር ዘይት የሚመጣ ነው። ዘይቱ ፈስሶ ካለቀ በኋላ ቁልፉን መጫን ጥቅም የለውም። ስለዚህ የዘይት ግፊት መለኪያው መውረድ ሲጀምር ውሳኔው ወዲያው መወሰን አለበት፤ ሞተሩን «ጥቂት እንጠቀምበት» ብሎ የዘገየ አብራሪ ዕድሉን ያጣል። ያልቆመው ፕሮፔለር ያለ ዘይት በፍጥነት ይሽከረከራል፣ ዘንጉ ግሎ ይቀላል፣ አውሮፕላኑ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ በመጨረሻ ተገንጥሎ ጎረቤቱን ሞተር ወይም የአውሮፕላኑን አካል ሊመታ ይችላል። በኋላ በተሻሻሉት የዘይት ታንኮች ለዚህ ብቻ የሚሆን ዘይት ከሥር እንዲቀር ተደርጓል።

ቱርቦው ሁለተኛው ችግር ነው። በከፍታ ላይ ሞተሩ 1,200 የፈረስ ጉልበቱን እንዲጠብቅ ቀጭኑን አየር የሚጨምቅለት ቱርቦ አለው። በመጀመሪያዎቹ ዓይነቶች ቱርቦውን የሚቆጣጠረው በዘይት የሚሠራ መሣሪያ ነበር፤ ዘይቱ በብርድ ሲረጋ መቆጣጠሪያው ይጣበቃል። አብራሪው ለማውረድ ሲሞክር እምቢ ይላል፣ ወይም በድንገት ይለቅና ሞተሩ ከልኩ በላይ ይሽከረከራል። ዘዴው አውሮፕላኑ እየወጣ ሳለ ማንሻዎቹን በየጊዜው ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሱ ዘይቱ እንዳይረጋ ማድረግ ነው። በ1943 መጨረሻ ገደማ በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ተተካና አራቱም ቱርቦዎች በአንዲት ማዞሪያ መታዘዝ ጀመሩ። በእኔ ግምት ለአብራሪው ከአዲስ መትረየስ የበለጠ ስጦታ ይህ ነበር።

ምክንያቱም አብራሪዎቹ ቀኑን ሙሉ የሚሠሩት ሰልፍ መጠበቅ ነው። 18 ወይም ከዚያ በላይ አውሮፕላኖች ከፍ ዝቅ ብለው በአንድ ጥቅል ይበራሉ፤ የአንዱ መትረየስ የሌላውን ክፍተት ይሸፍናል። አብራሪው የሚይዛቸው መሪዎች በሞተር የሚታገዙ አይደሉም፣ የጡንቻ ሥራ ነው። ሁለቱ አብራሪዎች ከ15 እስከ 30 ደቂቃ እየተፈራረቁ ይይዛሉ። ኋላና ጥግ ላይ ያለው አውሮፕላን ጋዙን ዘወትር ስለሚጨምርና ስለሚቀንስ ከመሪው የበለጠ ነዳጅ ይፈጃል፤ ለዚህም ነው ሲመለሱ ባሕር ላይ ነዳጅ ያለቀባቸው ብዙ ጊዜ የኋለኞቹ የሆኑት።

ቦምቡን ማዘጋጀት የቦምብ አነጣጣሪው ሥራ ነው። ከፍታው ገና ሳይበዛ በቦምቦቹ መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ሄዶ የደኅንነት ሽቦዎቹን ያወጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ከአውሮፕላኑ ጋር የታሰረው ረጅም ሽቦ ነው፤ ቦምቡ ሲወድቅ ሽቦው አውሮፕላኑ ላይ ይቀራል፣ በቦምቡ አፍንጫ ያለችው ትንሽ ማራገቢያ በነፋስ ትዞራለች፣ ጥቂት ከዞረች በኋላ ነው ቦምቡ ሊፈነዳ የሚችለው። ዒላማው ሊደርስ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር መሪው አውሮፕላን ቀጥ ብሎ ይበርራል፤ ኖርደን የተባለው ማነጣጠሪያ ከአውቶፓይለቱ ጋር ተያይዞ አውሮፕላኑን የሚመራው ራሱ ነው። ሌሎቹ የመሪው ቦምብ ሲወርድ አይተው ይለቃሉ። በእነዚያ ደቂቃዎች ከአየር መቃወሚያ መድፍ መሸሽ የለም። ቦምብ መያዣው በርዶ ሳይለቀው ከቀረ መካኒኩ ጠርሙሱን ይዞ በተከፈተው በር ላይ ቆሞ በመፍቻ ይፈታዋል። እንዲህ ተንጠልጥሎ የቀረ ቦምብ ይዞ ማረፍ በጣም አደገኛ ነው።

የ10 ሰዎቹን ድርሻ አሁን መቁጠር ይቻላል። ሁለት አብራሪዎች፣ ናቪጌተር (መንገዱን አስልቶ የሚያሳይ)፣ ቦምብ አነጣጣሪ፣ መካኒክ (የላይኛውን መትረየስም ይተኩሳል)፣ የሬዲዮ ሠራተኛ፣ የኳሱ ተኳሽ፣ ሁለት የወገብ ተኳሾች፣ የጅራት ተኳሽ። ናቪጌተሩ መሪውን አውሮፕላን ቢከተልም የራሱን ስሌት አይተውም። ሰልፉ ከተበተነ ብቻቸውን የሚመልሳቸው እሱ ነው።

ኳሱን በተመለከተ የሚባለው አብዛኛው ከፍርሃቱ የመጣ ነው። ዲያሜትሯ ከአንድ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ስለሆነች አጭር ሰው ይመረጣል፤ ጉልበቱን ደረቱ ላይ አጥፎ፣ በእግሮቹ መካከል እያየ ይተኩሳል። አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ይገባል፣ ሳያርፍ ይወጣል። ፓራሹቱ ብዙውን ጊዜ ከላይ ይቀራል፤ ለመውጣት ጠመንጃዎቹን ወደ ታች ማዞር ያስፈልጋል፤ ኤሌክትሪክ ከጠፋ በእጅ ይዞራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን በ1944 ቆስለው በተመለሱ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከሁሉም ያነሰ የቆሰለው የኳሱ ተኳሽ ነበር። ተጠቅልሎ ስለሚቀመጥ ለፍንጣሪ የሚጋለጠው አካሉ ትንሽ ነው፣ ከጀርባውም የጋሻ ብረት አለ። በብዛት የቆሰሉት ቆመው የሚተኩሱት የወገብ ተኳሾችና በመስተዋቱ አፍንጫ ውስጥ የሚቀመጡት ናቸው። የጀርመን ተዋጊዎች ከ1942 መጨረሻ ጀምሮ ፊት ለፊት ማጥቃትን ተምረዋል፤ በኋላ በመጣው ዓይነት፣ በቢ-17 ጂ፣ አገጭ ሥር ሁለት መትረየስ የተጨመረው ለዚህ ነው።

25ን በሂሳብ እንየው። ቁጥሩ የወጣው የሰው አእምሮ የሚችለው መጠንና ለመኖር የሚቀር ዕድል ተመዛዝነው ነው። በአንድ ግዳጅ ከ100 አውሮፕላን አራት ቢወድቁ፣ 25 ግዳጅ ሳይመታ የሚጨርሰው ከ100 ወደ 36 ገደማ ነው። አንዳንድ ቀን ግን ከዚህም ይከፋል፦ ነሐሴ 17 ቀን 1943 ወደ ሽቫይንፉርትና ሬገንስቡርግ ከተላኩት 376 ውስጥ 60 ጠፉ፤ ጥቅምት 14 ወደ ሽቫይንፉርት እንደገና ከሄዱት 291 ውስጥ ሌላ 60፣ በመቶኛ ከ20 በላይ። በዚያ ልክ ቢቀጥል 25ን የሚጨርስ አይኖርም ነበር። ከ1943 መጨረሻ ጀምሮ ተጨማሪ ታንክ የያዙት ሙስታንግ ተዋጊዎች እስከ በርሊን ድረስ ማጀብ ሲችሉ የሚወድቀው ቀነሰ፤ በ1944 ግዳጁ ወደ 30፣ ቀጥሎም ወደ 35 ከፍ አለ። ሰዎቹ ተናደው ነበር፤ ሂሳቡ ግን ተለውጧል፦ ከ100 አንድ ብቻ ቢወድቅ 35 የሚጨርሰው 70 ያህል ነው።

ተዋጊዎቹ ሲመናመኑ ዋናው ገዳይ የአየር መቃወሚያ መድፉ ሆነ፤ እሱን ደግሞ በመትረየስ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ በ1944 ውስጥ ብዙ ቡድኖች ሁለተኛውን የወገብ ተኳሽ ትተው በዘጠኝ ሰው መብረር ጀመሩ።